ያልተፈተሸው ግማሽ

በመሥሪያ ቤቱ ወንፊት ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጣችለት ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራው ልጅ ናት፤ እሱም አልተኛላትም፣ ቶሎቶሎ ብሎ ሰየማት። በአንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ለሆስፒታሎች የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። አሳንሰሩ ከቆመ ዓመት አልፎታል። አንደኛው መጋረጃ ገመዱ ተበጥሶ ተንጋዶ ቀርቷል፤ የከሰዓት ፀሐይ በዚያ በኩል ትገባና ቀጥ ብላ የወንፊት መላጣ ላይ ታርፋለች። «ጋሽ ወንፊት፣ መብራቱን አጥፋልን» ትለዋለች ቶሎቶሎ። እሱም ከስክሪኑ ሳይነሳ «ያንቺን ኮድ የሚያነብ ሰው ብርሃን ያስፈልገዋል» ይላታል።

ፕሮግራም ጸሐፊ የለወጠውን ነገር ዝም ብሎ አያስረክብም። ለውጡ ምን እንደሆነ ከሚናገር አጭር ጽሑፍ ጋር አድርጎ ወደ ጋራው መዝገብ ያስገባዋል፤ ይህንን ኮሚት ይሉታል። ቶሎቶሎ የቀኑን ሥራዋን፣ ያለቀውንም ያላለቀውንም፣ አንድ ላይ ጠቅልላ ትወረውረውና «ልዩ ልዩ» ብላ ትጽፍበታለች። ወንፊት እንዲህ ያለውን ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። እሱ የሦስት ቀን ሥራውን ይዘረጋና ይህ መስመር የዚህ ጉዳይ ነው፣ ያኛው የዚያ ነው እያለ ይነፋዋል። የደረሰውን ብቻ ያስገባል፤ የቀረውን እስኪደርስ በራሱ ላፕቶፕ ያቆየዋል።

አመሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይፈርድበትም። አሥራ አምስት ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ እያንዳንዱን እርማት በየራሱ ምልክት እየለየ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ልጆቹ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ኮድ መጻፍ ሲማር ሰው ሳቀበት። «ስህተት ከመፈለግ በቀር ሙያ የለኝም፤ እዚህም ስህተት ሞልቷል ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አላቸው፤ ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነቱን ነበር።

ሚስት አላገባም። ያለችው አንዲት እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ሃያ ሦስት፣ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ሴት ተምሮ፣ ራሷን በጉልበቱ መሀል ይዞ፣ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ሸኛት። አንደኛው ጉንጉን ሁልጊዜ ከሌላው ይወፍር ነበር፤ ልጅቷ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ጋሼ ነው የሠራኝ» ትላለች፣ አፏን ሞልታ። አድጋ ነርስ ሆነች። ዛሬም ከጎማ መሸጫ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች አብረው ይኖራሉ። እሷ የምትሠራበት የሕፃናት ክፍል እሱ የጻፈውን ፕሮግራም ሲያስገባ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «የወንድሜ ሥራ ነው» እያለች ስታስተዋውቅ ከረመች።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ነርሷ የሕፃኑን ዕድሜና ክብደት ትጽፋለች፤ ስክሪኑ ስንት ሚሊ ሊትር መድኃኒት እንደሚሰጥ ይነግራታል። የተጻፈው ክብደት ለዕድሜው የማይሆን ከሆነ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆንና ይቆልፋል፤ እንደገና ካልተጻፈ ወይም ነርሷ አውቃ በኃላፊነት ካላለፈችው ወደፊት አይሄድም። ነርሶቹ ይህን «ቀዩ» ይሉታል። አንዷ ለሌላዋ ሥራ ስታስረክብ «የነጥቧ ቁልፍ ጠንካራ ናት፣ ሁለቴ ተጫኚያት፤ ካልያዘችልሽም ቀዩ ይነግርሻል» ትላታለች። እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ዓመት ሠሩ። ቁልፉን የሚቀይር ሰው አልተገኘም። ቀዩ እያለ ማን ይጨነቃል?

አንድ ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ቁልፎቹን በጣቱ እያሽከረከረ መጥቶ ከወንፊት ጀርባ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ከሰው ጀርባ መቆም ይወዳል።

«የሕፃናት ክፍሉ ሲታተም የልጆቹ ስም እየተቆረጠ ነው ብለው አስቸግረውኛል። ዛሬ ይድረስላቸው።»

«እሱ ካለቀ ቆይቷል። ግን ከግራሙ ሥራ ጋር ተደባልቋል።»

የግራሙ ሥራ ሌላ ጉዳይ ነበር። ሆስፒታሉ በኪሎ ሳይሆን በግራም የሚመዝኑ አዳዲስ ሚዛኖች ሊያስገባ ስለሆነ ወንፊት ሒሳቡን ሁሉ ሲያዛውር ነው የሰነበተው።

«ግራሙ ይቆይ፣ ሚዛኖቹ ገና አልመጡም። የኅትመቱን ብቻ ለይተህ ስጠኝ። መለየት ላንተ ብርቅ ነው እንዴ?»

ብርቅ አልነበረም። ወንፊት ለዓመታት ሲሠራው የኖረው ይህንኑ ነው። ጠዋት ሁሉንም ፍተሻዎች አስኪዷቸው አንድም ሳይቀር አልፈው ነበር። አሁን ለውጦቹን ዘረጋ። ኮምፒውተሩ አሥራ አራት ቁራጭ አድርጎ አንድ በአንድ እያሳየ ይጠይቀዋል፤ ይህ ይግባ? ይህስ? እሱ አዎ ወይም አይደለም ይላል። ቀዩን ከአሮጌው ቦታው አውጥቶ ወደ አዲሱ የግራም ሒሳብ አዛውሮት ነበር። አዲሱ ቦታ አራተኛው ቁራጭ ውስጥ ነው፤ ግራም ስለሆነ አይደለም አለ። ከአሮጌው ቦታ የተነሳበት ስረዛ ደግሞ በዘጠነኛው ቁራጭ ውስጥ፣ ከሁለት የኅትመት መስመሮች ሥር ተለጥፎ ነበር።

«ደረሰ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከጀርባው።

ወንፊት ለዘጠነኛው አዎ አለ።

ኮሚት አደረገ፤ በንጹሕ ቋንቋ «የሕፃናት ስም በኅትመት ላይ እንዳይቆረጥ ማስተካከያ» ብሎ ጻፈበት። ያስገባው ግማሽ ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚመስል ግን አላየም። ማየት ያውቅበታል። የቀረውን ለጊዜው ገለል አድርጎ፣ የሚገባውን ለብቻው ፈትሾ፣ ከዚያ የቀረውን መመለስ ነው። ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ቶሎቶሎን ጠረጴዛ እየደበደበ ያስተማራት ራሱ ነው። የዚያን ዕለት ሰው ከጀርባው ቆሞ ነበር፣ ፍተሻውም ጠዋት አልፏል። ጠዋት ያለፈው ግን ሁለቱም ግማሾች አንድ ላይ ሆነው ነው። እንደ ቶሎቶሎ ጠቅልሎ ቢወረውረው ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር፤ ይህንን ሳስብ እኔ ተራኪው እንኳ እናደዳለሁ።

ዓርብ ፕሮግራሙ ሆስፒታሉ ገባ። የልጆቹ ስም ሳይቆረጥ ታተመ። ደውለው አመሰገኑ።

ሰኞ እህቱ ተረኛ ነበረች። አብራት የምትሠራው ነርስ ታማ ቀርታ ሰባት ሕፃናት ለብቻዋ ይዛለች። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የሃያ ቀን ልጅ ክብደት ጻፈች፤ ሦስት ነጥብ ሁለት ኪሎ። ነጥቧ አልያዘችም። ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ስክሪኑም ዝም ብሎ፣ ነጭ እንደሆነ፣ የሠላሳ ሁለት ኪሎ ሰው መድኃኒት ነገራት።

ሕፃኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ። እናቱ ጡቷ ሞልቶ ልታጠባው ስትመጣ አልጋው ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። ወተቱ ልብሷን እያራሰው ቆማ ቀረች፤ ማንም ወንበር እንኳ አላቀረበላትም።

እህቱ በዚያ ቀን ለክፍሉ ኃላፊ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። «መጠኑ በዛብኝ። አይቼ በዛብኝ ብያለሁ። ግን ቀዩ አልመጣም።»

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጥያቄውን ወደ መሥሪያ ቤቱ ላከው፤ ማስጠንቀቂያው ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይሠራል ከተባለ ነርሷ እያየች አልፋዋለች ማለት ነው፤ የሙያ ፈቃዷ ይነጠቃል፣ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ደብዳቤው ሲመጣ ሁለት ሳምንት አልፏል። በመሀሉ ሚዛኖቹ መጥተው የግራሙ ሥራም ገብቶ ነበር።

«ሌላ ሰው ይመልስ ብል ደስ ይለኛል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ «ግን ይህን ኮድ ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።»

«እኔው እፈትሻለሁ» አለ ወንፊት። ስህተት እንዲያገኝ ተመኝቷል። በሕይወቱ ሙሉ ስህተት ሲያገኝ ይናደድ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድ ስህተት ስጠኝ እያለ ነው የለመነው። ላፕቶፑን ከፍቶ የሃያ ቀን ሕፃን፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ዘግቶ ከፍቶ ደገመው። ቀላ። ሦስተኛም ሞከረ። ለእህቴ ብዬ አልዋሽም አለ በልቡ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። የስክሪኑን ፎቶ አያይዞ «ተፈትሿል፤ ማስጠንቀቂያው በትክክል ይሠራል» ብሎ ፈረመ።

ቤት ሲገባ እህቱን አልጋዋ ላይ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ተቀምጣ አገኛት። ከሥራ ከታገደች ወዲህ ጠዋት ትለብሳለች፣ ጫማዋን ታስራለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች።

«ቀዩ ይመጣል፣ እቱ» አላት። «ሦስት ጊዜ ሞከርኩት።»

ከታች የጎማ ነፊው ሞተር ይጮኻል።

«ታዲያ እኔ ለምን አላየሁትም?»

«ደክሞሽ ነበር።»

«ደክሞኝ ነበር» አለች፤ ቃሉን ለመለማመድ የምትሞክር ይመስል ነበር።

ኮሚቴው ውስጥ ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ወንድሟ ሳይቀር መሰከረባት ተባለ። ሰው እንደ ታማኝ ሽማግሌ ስሙን እያነሳ አመሰገነው። ከአምስት ቀን በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ቶሎቶሎ እሱ የፈረመበትን መልስ ቅጂ ከአታሚው ላይ አግኝታ ስታነብ ቆየችና ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«ጋሽ ወንፊት፣ አትቆጣኝ። የትኛውን ነው የፈተሽከው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚህ ያለውን ነው ወይስ የዚያን ሰኞ የነበረውን? ሁልጊዜ ለኔ የምትለኝ ነገር ስለሆነ ነው። በእጅሽ ያለውንና የላክሽውን አታምታቺ ትለኝ የለ?»

እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አስቀመጠ። ከመዝገቡ ውስጥ የዚያን ሐሙስ ኮሚት ፈልጎ፣ ለብቻው፣ ባዶ ማሕደር ውስጥ አወጣው። አስነሳው። የሃያ ቀን ሕፃን፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ። ስክሪኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከታች፣ ወንፊት ራሱ አሳምሮ በደረደረው ፊደል፣ የመድኃኒቱ መጠን ተጽፏል።

ቶሎቶሎ አፏን በእጇ ያዘች። ወንፊት ግን አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ዘጠነኛውን ቁራጭ ከፍቶ የተሰረዙትን ስድስት መስመሮች በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ ድሮው አራሚ፣ ከላይ እስከ ታች አነበባቸው። ከዚያ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ቆሞ ሰማ። ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ።

«አሁን እኮ ይሠራል» አለ በመጨረሻ።

«የዚያን ሰኞ አይሠራም ነበር። የግራሙ ሥራ እስኪገባ ድረስ ቀዩ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልነበረም። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ አትበል። እዚህ አሥራ ሁለት ሰው እንጀራ ይበላል።»

«እህቴስ?»

ሰውየው ኮሚቴው ፊት አብሬህ እሄዳለሁ አለው። ወንፊት የዋህ ነው፣ ይህን እንደ ደግነት ቆጠረው።

ኮሚቴው በማግስቱ ጠዋት በሆስፒታሉ መሰብሰቢያ ክፍል ተቀመጠ፤ አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ክዳኑ የላላ የውሃ ጆግ። እህቱ ከጠረጴዛው ጫፍ ናት። ወንፊት ላፕቶፑን አቅርቦ ሁለቱንም አሳየ፤ የሰኞው ይኸው፣ የዛሬው ይኸው። ስለ ቁራጮቹ፣ ስለ አዎና አይደለም፣ ለብቻው ስላልተፈተሸው ግማሽ አስረዳ። ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዲህ አድርጎ የሚደረድር ሰው አይተው አያውቁም ነበር፤ ምናልባትም ያጠራጠራቸው እሱው ነው።

ሰብሳቢዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሐኪም፣ በዝግታ ጠየቀችው።

«ይህን ዝም የሚለውን ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«ከመዝገቡ ነው ያወጣሁት። ቀኑም ተጽፎበታል።»

«ቀኑን የሚጽፈው ማን ነው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«የማን ኮምፒውተር?»

«የእኔ።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ይህ ሰው ከፈለገ፣ ማስጠንቀቂያ የሌለው ፕሮግራም ትናንት ሊሠራ ይችላል?»

ሥራ አስኪያጁ የውሃውን ጆግ አየ። ቀኑ በእውነት የሐሙስ እንደሆነ፣ የጋራው መዝገብ ቅጂ በአሥራ ሁለቱም ሰው ላፕቶፕ ላይ እንዳለ፣ አንዱን ከሌላው አስተያይቶ ማረጋገጥ እንደሚቻል ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

«መቻሉን ይችላል» አለ። «በጣም ጎበዝ ሠራተኛ ነው።»

ወንፊት ቅጂዎቹ ይመርመሩ ብሎ ለመነ። ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በኀዘኔታ ሰማችው። ከዚያ ከፊቷ ካለው ማሕደር አንድ ወረቀት አወጣች። እህቱ ከአራት ቀን በፊት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በእጇ ጽፋ ያስገባችው ነው። ማስጠንቀቂያውን አይቼዋለሁ፣ በድካም አልፌዋለሁ ይላል። ፊርማዋ አለበት።

«እርስዎም ከዚህ በፊት ይሠራል ብለው ፈርመዋል፣ እሷም አየሁ ብላለች» አለች ሰብሳቢዋ። «ወንድም መሆን ከባድ ነው። ይገባናል።»

ማንም አልሳቀበትም፣ ማንም አልተቆጣውም። አንደኛው ሐኪም ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ኮሪደሩ ላይ እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችው። ለስንት ቀን ያልታየ ነገር ፊቷ ላይ ነበር፤ ፈገግታ ቢጤ።

«ለእኔ ብለህ ነው አይደል ቀዩን ያጠፋኸው፣ ጋሼ?»

«አላጠፋሁትም። ያን ቀን አልነበረም እኮ፣ እቱ። በልጅነትሽ ይሁንብኝ፣ አልነበረም! አንቺ ያየሽውን ነው የተናገርሽው። አልመጣም ብለሽ ነበር፤ እውነትሽን ነው።»

«መጥቶ ነበር።» ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ረስቼው ነው። አንተ ሞከርኩት ካልከኝ በኋላ እያሰብኩ እያሰብኩ መጣልኝ። ቀይ ሆነ፤ በግራ እጄ ሲሪንጁን ይዣለሁ፤ በቀኝ እጄ እለፍ የሚለውን ተጫንኩ። ጣቴ ሁሉ ትዝ ይለኛል። በየቀኑ ነው የማየው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የፈተሽኩት ሌላ ነው...»

«አንተ መች ትሳሳታለህ?» አለችው። የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ቀና ብላ፣ እንደ ታናሽ ወንድም እያባበለችው። «አይዞህ። አልተቀየምኩህም። ግን ሁለተኛ ለእኔ ብለህ እንዳትዋሽ፤ አያምርብህም።»

ላፕቶፑን ሊከፍትላት ጀመረና ተወው። ከአሁን ወዲያ የሚያሳያት ነገር ሁሉ፣ ለእሷ ብሎ የሠራው መስሎ ነው የሚታያት።

እህቱ ከኪሷ የሥራ መታወቂያዋን አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ለማስረከብም ወደ አስተዳደር ክፍሉ ሄደች።